የሬጂስ ሃቭሪላ ቀኝ እጅ

ሬጂስ ሃቭሪላ አሥር ዓመት ሙሉ ሰው ሲገፋና በሰው ሲገፋ ደመወዝ የበላ ሰው ነው። ሥራው ይኸው ነበር። በአሜሪካን ፉትቦል ሜዳ ላይ ኳስ የማይነካ፣ እንዲነካም የማይፈቀድለት፣ ስሙ በድምፅ ማጉያ የሚጠራው ሲያጠፋ ብቻ የሆነ ሰው ካለ የመስመር ሰው ነው። አምስት ሆነው ትከሻ ለትከሻ ይሰለፋሉ። ከኋላቸው ኳርተርባኩ ኳሱን ተቀብሎ ወይ ለሯጭ ይሰጣል፣ ወይ ይወረውራል፤ እነሱ ደግሞ እሱን ሊሰብር የሚመጣውን ሁሉ በደረታቸው ያስቆማሉ። ኳርተርባኩ ሳይነካ ከዋለ የሚመሰገነው ራሱ ነው። ከተሰበረ ግን አገር ምድሩ ዞሮ አምስቱን ያያል። ይህን ሥራ ወድዶ የሚገባበት ወይ ሞኝ ነው፣ ወይ ሃቭሪላ ነው።

የተወለደው ኮክበርን በምትባል የወንዝ ዳር የብረት ከተማ ነው። አባቱ በከሰል ምድጃ ፊት ሠላሳ አንድ ዓመት ቆመው ጡረታ የወጡ፣ ቃል የሚቆጥቡ ሰው ነበሩ። እናቱ ሐሙስ ሐሙስ ከሰፈሩ ሴቶች ጋር በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ተቀምጠው በድንችና በአይብ የተሞላ፣ ፒሮሂ የሚባል የሊጥ ምግብ ይጠቀልላሉ፤ ዓርብ ይሸጣል። ሬጂስ በአሥራ ሦስት ዓመቱ በአንድ መቀመጫ አርባ አንዱን ጨረሰ። ወሬው በማግስቱ የትምህርት ቤቱ አሰልጣኝ ጆሮ ገባና ሰውየው ራሱ ቤታቸው ድረስ መጣ። አባትየው አሰልጣኙን ከላይ እስከ ታች አዩትና ልጃቸውን «ፊትህ ያለውን ሰው አስቁም። ሌላው የሌላ ሰው ጉዳይ ነው» አሉት። ስለ ፉትቦል በሕይወታቸው የተናገሩት ይህንኑ ብቻ ነው።

ልጁም ፊቱ ያለውን ሁሉ እያስቆመ ኮሌጅ ጨረሰ። ኤሪ ከተማ ያለው የባለሙያዎች ቡድን ሲመርጠው ከመጨረሻዎቹ ተራ ነበር፤ «ለልምምድ ይሆናል» ብለው ነው የወሰዱት። በሁለተኛው ዓመት የግራ ጋርድነቱን ቦታ ይዞ ቁጭ አለ። ጋርድ ማለት ከመሐለኛው ሰው ጎን የሚቆም ነው። ከጀርባው ደግሞ ከቴክሳስ የመጣ፣ እንደ ሸምበቆ የቀጠነ፣ ምላሱ የማያርፍ ኳርተርባክ ነበር፤ ዌይላን ትሪፕ።

በዚያ አገር ኳርተርባክ ሐሙስ ማታ መስመሩን ያበላል። ሕግ አይደለም፣ ከሕግ ግን ይጠብቃል። ዌይላን ይህን ልማድ አንድም ሐሙስ አጓድሎ አያውቅም። ስድስት ሆነው አንድ ሥጋ ቤት ይገባሉ፣ አምስቱ እንደ ጎተራ ሲሞሉ እሱ ሰላጣውን እየነካካ ይተርባቸዋል። «ብሉ፣ ብሉ! የኔን ጎድን ካተረፋችሁ የላሙን ጎድን እኔ እችላለሁ» ይላል። ሬጂስን «ሃቭ» ብሎ ነው የሚጠራው። የሬጂስን የበኩር ልጅ ክርስትና ያነሳው እሱ ነው።

በሰባተኛው ዓመት፣ ጥር ላይ፣ ለፍጻሜ አንድ ጨዋታ ሲቀራቸው ያ ነገር መጣ። የታዘዘው የውሸት ሩጫ ነበር። ኳርተርባኩ ኳሱን ለሯጭ የሰጠ ይመስላል፣ ተከላካዮቹ ሯጩን ሲከተሉ እሱ ዘወር ብሎ ይወረውራል። ሬጂስ ፊት የቆመው ኦቲስ ብራንትሊ የሚባል ተከላካይ ነበር። ብራንትሊ ግን ሯጩን ዞሮ እንኳ አላየውም። ሳያመነታ በሬጂስ ጎን ሾልኮ ዌይላን ጉልበት ላይ ወደቀ። ድምፁን ሜዳው ሁሉ ሰማው። ዌይላን ትሪፕ ከዚያ ቀን በኋላ ለገንዘብ ኳስ ወርውሮ አያውቅም፤ ቀኝ እግሩንም እስከ ዛሬ ይጎትታል።

ሬጂስ ያኔ ብራንትሊ ዕድሉ ሰምሮለት ነው ብሎ አሰበ። ቀኑን ሙሉ ሲያልፈው መዋሉ ገርሞት ነበር፣ ግን ሰው መጥፎ ቀን አለው። ሦስት ዓመት አለፈ። በአንድ የጡረተኛ ተጫዋቾች የዓሣ ግብዣ ላይ ብራንትሊ ራሱ ሳህኑን ይዞ አጠገቡ ተቀመጠና እየሳቀ ትከሻውን መታ መታ አደረገው።

«ወንድሜ፣ እኔ እኮ የልጆቼን ትምህርት ቤት የከፈልኩት በአንተ ጥፍር ነው» አለው።

«በምኔ?»

«በቀኝ እጅህ ጥፍር! ሩጫ ሲሆን ወደፊት ልትገፋ ስለሆነ ክብደትህን እጅህ ላይ ትጥላለህ፣ ጥፍርህ ኖራ ይመስላል። ውርወራ ሲሆን ወደኋላ ልታፈገፍግ ስለሆነ ሳሩን ዳሰስ ነው የምታደርገው፣ ጥፍርህ ቀይ ነው። ያን ቀን እኮ አንድም አልሳትኩ! አታውቅም ነበር እንዴ?»

ሬጂስ ክው አለ። የመስመር ሰው ከመነሳቱ በፊት በሁለት እግሩና በአንድ እጁ ጎንበስ ብሎ እንደ ሦስት ጉልቻ ነው የሚቀመጠው። አፉን ዘግቶ፣ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሳ ምስጢር ይጠብቃል። የሱ እጅ ግን ለባላጋራው ሲያወራ ከርሟል። ያን ቀን የውሸቱን ሩጫ ብራንትሊ ያልተከተለው የሬጂስ ጥፍር ቀይ ስለነበረ ነው። የዌይላንን እግር የሰበረችው ይቺ እጅ ናት።

ዓሣውን ሳይነካው ተነስቶ ወጣ። በዚያው ክረምት ጫማውን ሰቀለ። ሚስቱ ቨርና «ምን ሆነህ ነው? ገና ሁለት ዓመት ትችል ነበር» ብትለው «ጉልበቴ» አላት። ለዌይላን ሊነግረው ሦስት ጊዜ ስልክ አነሳ፤ ሦስቱንም ጊዜ ስለ አየር ጠባይ አውርቶ ዘጋ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነውና እውነቱን በሆዱ ይዞ አሰልጣኝ ሆነ።

አሰልጣኝነቱን የጀመረው እዚያው ኮክበርን፣ በተማረበት ትምህርት ቤት ነው። አንድ ነገር ቆርጦ ነበር፦ ከሱ እጅ የሚወጣ የመስመር ሰው እጁ አያወራም። ዘዴ ሲፈልግ መጀመሪያ እንቁላል ሞከረ። እያንዳንዱ ልጅ ጎንበስ ሲል ከጣቱ ሥር እንቁላል ያደርግለታል፤ የሰበረ ሜዳውን ይዞራል። የትምህርት ቤቱ ምግብ አብሳይ ሴት በሦስተኛው ቀን ጭልፋ ይዘው ሜዳ ድረስ መጡ። «አንተ የሃቭሪላ ልጅ! ነግ ደግሞ ወተቱን መሬት ላይ ልታፈሰው ነው?» አሉት። ከዚያ ወደ ድንች ቺፕስ ዞረ። አንዲት ስስ ቺፕስ ከጣት ሥር ትቀመጣለች። ሩጫም ይታዘዝ ውርወራ፣ ጉልበት ከእግር እንጂ ከእጅ እንዳይነሳ ነው። ከተሰበረች ትሮጣለህ። ካልተሰበረች ትበላታለህ። የመስመር ልጆች ደግሞ ለቺፕስ ሲሉ የማያደርጉት የለም።

ሰዉ ሳቀበት። «የቺፕሱ ሰውዬ» የሚል ስም ወጣለት። እሱ ግን ጥርሱን ነክሶ ቀጠለ። ከትምህርት ቤት ወደ ትንሽ ኮሌጅ፣ ከዚያ ወደ ትልቅ ኮሌጅ ሄደ፤ በሄደበት ሁሉ መኪናው ኋላ ላይ የቺፕስ ካርቶን አይጠፋም። አንድ ነገር ግን በነዚህ ሁሉ ዓመታት አላደረገም። ራሱ ጎንበስ ብሎ እጁን ቺፕስ ላይ አሳርፎ አያውቅም። ልጆቹ «እስቲ እርስዎ ያሳዩን!» ሲሉት «ጉልበቴን ያመኛል» ይላል። ጉልበቱን ማመሙ እውነት ነው። የሚፈራው ግን እጁን ነበር።

ኤሪ በዚያ ጊዜ ውስጥ አራት ዋና አሰልጣኝ ቀያየረ፤ ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም፣ ቡድኑ መሸነፉን አልተወም። አምስተኛው ዌይላን ትሪፕ ሆነ። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ መጀመሪያ የደወለው ለሬጂስ ነው።

«ሃቭ፣ መስመሩን ናና ያዝልኝ። ከአንተ ሌላ ጀርባዬን የምሰጠው ሰው የለኝም» አለው።

ሬጂስ መሄድ አልነበረበትም፤ ወይም ከመሄዱ በፊት መናገር ነበረበት። ሄደ፣ አልተናገረምም። ቅጣቱንም በየነሐሴው ተቀበለ። የልምምድ ካምፕ በተከፈተ በመጀመሪያው ቀን ዌይላን እግሩን እየጎተተ ዘጠናዎቹ ተጫዋቾች ፊት ይቆምና ሱሪውን ሰብስቦ ጠባሳውን ያሳያል። «ይህን ማን አደረገው? እኔ ነኝ» ይላል። «ኳሱን አራት ሰከንድ ያዝኩ። ሦስት ይበቃ ነበር። ማንም አላጠፋም፣ መስመሬ አላጠፋም፣ የዘገየሁት እኔ ነኝ። ጥፋትህን የራስህ ካላልክ እዚህ ቤት ቦታ የለህም!» ሬጂስ ከኋላ ወንበር የወረቀት ኩባያውን ጫፍ በጥርሱ እየቆረጠመ መሬት መሬቱን ያያል። እንዲህ ሆኖ ስድስት ነሐሴ አለፈ።

በስድስተኛው ዓመት ታኅሣሥ ላይ፣ የመጨረሻው እሑድ ጨዋታ ሲቀር፣ ነገሩ ሌላ ሰው ላይ ዞረ። የግራ ጋርዱ ኢዮሱዋ ታፉና ይባላል። ከሳሞአ ደሴት የመጣ የሃያ ሦስት ዓመት ወጣት ነው፤ ሲስቅ ወንበሩ አብሮት የሚስቅ፣ እሑድ እሑድ ከጨዋታ በፊት ለእናቱ ደውሎ መዝሙር የሚዘምርላት። ዋናው ጋርድ ስለተጎዳ ቦታው ላይ ከገባ ገና ሦስት ሳምንቱ ነው። ባለፈው እሑድ ተከላካዮች በሱ በኩል ወንፊት ውስጥ እንደሚያልፍ ዱቄት ሲያልፉ ዋሉ። ዌይላን ማክሰኞ ጠዋት ፊልሙን አይቶ ሬጂስን ቢሮው አስጠራው።

«የልጁን እጅ አየህ?» አለው ገና ሳይቀመጥ።

«አየሁ። ከሩጫ በፊት ጥፍሩ ይነጣል።»

«እኔ ካየሁ የእሑዶቹም ያዩታል። ሐሙስ ይሸኝ።»

«እስከ እሑድ ስጠኝ፣ አስተካክለዋለሁ።»

«በአምስት ቀን? በቺፕስ?» ዌይላን ሳቀ፣ ሳቁ ግን ቶሎ ደረቀ። «ስማኝ ሃቭ። እጁ የሚያወራ ጋርድ ኳርተርባክ ያስገድላል። እኔን እይ! እኔ እንኳ ፊቴ አንተን የመሰለ ሰው ቆሞልኝ፣ በገዛ ጥፋቴ እንዲህ ሆኜ ቀርቻለሁ። ይህ ልጅ ደግሞ አንተ አይደለም።»

ልጁ የሚባረረው ሬጂስ ራሱ ለዓመታት በሠራው ጥፋት ነው፤ ያውም ሬጂስ እየተመሰገነበት። ተነስቶ ወደ ራሱ ክፍል ሄደና ከመሳቢያ ሥር አንድ ዲስክ አወጣ። ሃያ ዓመት ለማንም ያላሳየው ፊልም ነው። ከጠረጴዛው ላይ የፒዛ ካርቶን ክዳን ቀዶ ተመለሰ፣ በሩን ዘጋ፣ ፊልሙን ከተተ፣ በክዳኑም የስክሪኑን የላይኛውን ክፍል ሸፈነ። የሚታየው ሳር፣ ሳሩ ላይ ያረፈች አንዲት እጅ ብቻ ሆነች።

«ምንድነው ይሄ ደግሞ? የምን ቀልድ ነው?» አለ ዌይላን።

«እጁን ብቻ እይ። ኳሱ ሳይነሳ ሩጫ ነው ወይስ ውርወራ፣ ንገረኝ።»

ዌይላን ዓይኑን አጠበበ። «ሩጫ።»

ሩጫ ነበር። ሬጂስ ወደሚቀጥለው አለፈ።

«ሩጫ። ... ውርወራ። ... ውርወራ። ሩጫ። ኧረ ይሄማ ከልጁም የባሰ ነው! ማነው ይሄ ደንቆሮ? በመለከት ቢነፋው ይሻለው ነበር። ውርወራ። ሩጫ።»

ሰባቱንም አልሳተም። ሬጂስ ስምንተኛውን አቆመለት። ጣቶቹ ሳሩን ዳሰስ አድርገዋል፣ ጥፍሮቹ ቀይ ናቸው።

«ውርወራ» አለ ዌይላን። «የውሸት ሩጫ ቢሆንም ውርወራ ነው። ይህን ያየ ተከላካይ ሯጩን አይከተልም፣ በቀጥታ ነው የሚመጣው።»

ሬጂስ የፒዛውን ክዳን አነሳ። ጎንበስ ያለው ሰው ጀርባ ላይ ቁጥር ስልሳ ሰባት ይታያል። ከኋላው አንድ ቀጭን ወጣት ኳሱ እስኪመጣለት እጁን ዘርግቶ ቆሟል፤ ሁለቱም እግሮቹ ጤነኞች ናቸው። ሬጂስ ፊልሙን አላስኬደውም። የሚሆነውን ሁለቱም ያውቁታል።

የዌይላን እጅ ሳያውቀው ጉልበቱን ያዘ።

«ብራንትሊ ያውቅ ነበር?» አለ በመጨረሻ።

«ቀኑን ሙሉ። ከሦስት ዓመት በኋላ ነገረኝ።»

«ከሦስት ዓመት በኋላ። እና ሃያ ዓመት ሙሉ አውቀህ ነው?»

«አዎ።»

«እግሬን አልጠይቅህም!» ዌይላን ጠረጴዛውን በጥፊ መታው። «እግር ይሰበራል፣ ለዚያ ነው የሚከፈለን። አንተ ግን ስድስት ነሐሴ እዚያ ኋላ ቁጭ ብለህ፣ እኔ በሰው ፊት ራሴን ስገርፍ ታያለህ? ልጆቼ ‹አባዬ ለምን ቶሎ አልወረወርክም?› ሲሉኝ ‹ዘገየሁ› ነው የምላቸው። ሌሊት በሕልሜ እሱኑ ነው የምወረውረው! ምን አስበህ ነው?»

«ፈርቼ ነው።»

«ምኑን?»

«አንተን ማጣት። ሥራውን አይደለም…» ሬጂስ ትንሽ አሰበና «ሥራውንም» አለ።

«ዛሬስ ምን አዲስ ነገር ተገኘ?»

«በኔ ጥፋት ልጁን ልታባርረው ነው። የዳነ እጅ አይቻለሁ፣ ሃያ ዓመት ስፈውስ ነው የኖርኩት። እኔን አሁኑኑ ሸኘኝ፣ አልቀየምህም። እሱን ግን እስከ እሑድ ተውልኝ።»

ዌይላን ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። «ውጣልኝ ሃቭ» አለ፤ ድምፁ አልተሰማም ማለት ይቻላል።

ረቡዕ ዌይላን አላናገረውም። አባረርኩህም አላለም፣ ልጁ ይቆይም አላለም። ሬጂስ ሥራ ይኑረው አይኑረው ሳያውቅ ካርቶኑን ተሸክሞ ሜዳ ወረደ። ኢዮሱዋ ጠዋት አሥራ ዘጠኝ ቺፕስ ሰበረ፣ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ሜዳውን ዞረ። ላቡ በታኅሣሥ ብርድ ይጨሳል።

«ኮች፣ እጄ አይሰማኝም እኮ» አለ እያለከለከ።

«እጅህን ተወው። እግርህን አነጋግረው። ጉልበትህ ተረከዝህ ውስጥ ይደር። እንደገና!»

«እኔ ግን ይሸኙኝ ይሆን? እውነቱን ይንገሩኝ።»

«አላውቅም። የኔንም አላውቅም። እንደገና ጎንበስ በል።»

ሐሙስ መስመሩ እንደ ልማዱ ሥጋ ቤት ተቀመጠ። ዌይላን አሰልጣኝ ከሆነ ወዲህም ልማዱን አልተወም፤ የጠረጴዛው ራስ ወንበር የሱ ነው። ያን ቀን ወንበሩ ባዶውን አመሸ። መሐለኛው ሰው ፕሩይት አሥራ አንድ ዓመት የተጫወተ፣ ካላሾፈ የማያድር ሰው ነው። ሬጂስን በጎን አየና «ኮች፣ አለቃውን ምን አድርገውት ነው? ሰላጣውን ከልክለውት ነው?» አለው። ማንም አልሳቀም። ሬጂስም ጎድኑን ቀምሶ ተወው፤ ይህን ያዩ ሁሉ ነገሩ ከባድ መሆኑ ገባቸው።

ዓርብ ኢዮሱዋ አራት ቺፕስ ብቻ ሰበረ፤ አሥራ አምስቱን በላ። ልምምዱ ሊያበቃ ሲል ዌይላን እግሩን እየጎተተ ከሜዳው ጫፍ ሲመጣ ታየ። ሁሉም ቀጥ ብለው ቆሙ። ካርቶኑ ጋ ደርሶ አንዲት ቺፕስ መረጠና ሳሩ ላይ አስቀመጣት።

«ፕሩይት» አለ፣ «ይህ ሰውዬ ወርዶ ያውቃል?»

«በፍጹም ኮች! ጉልበቴን ያመኛል ነው የሚሉት።»

«ጉልበቱን አይደለም የሚያመው» አለ ዌይላን። «ሃቭ፣ ውረድ።»

ሬጂስ አየው። አምስት ሆነው ከበውታል፣ ኢዮሱዋ መግፊያ ትራሱን ታቅፎ ፊቱ ቆሟል። ካርቶኑን ለማንም ሰጥቶ መሄድ ይችል ነበር፤ ዓመታቱን ሁሉ ያደረገው ያንኑ ነው። ዛሬ ግን እምቢ አለ። ኮፍያውን አወለቀና እግሮቹን ከፈተ። ጉልበቱ እንደ ደረቅ እንጨት እየተንጫጫ ጎንበስ አለና የተጣመሙ ጣቶቹን ቺፕሷ ላይ አሳረፈ።

ዌይላን ከኋላው ሄዶ ቆመ። እዚያ ቦታ ላይ ከቆመ ሃያ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። ጎንበስ ብሎ በጆሮው «ሩጫ ነው። በሙሉ ጉልበትህ» አለው።

«ተዘጋጅ!» ብሎ ጮኸ፤ ከዚያ ዝም አለ።

አንድ ሰከንድ ሄደ። እጁ ልማዷን ልታደርስ መሬቱን ልትጫን ፈለገች፤ ሬጂስ ክብደቱን ጎትቶ ተረከዙ ላይ መለሰው። ሁለት። ጭኑ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሦስት። ላብ ከአፍንጫው ጫፍ ላይ ተንጠለጠለ። ከኋላው ያለው ሰው ኳሱን የያዘውን ያህል ጊዜ ሊያቆየው እንደሆነ ያኔ ገባው። አራት።

«ሃት!» አለ፤ ተነሱ ማለት ነው።

ሬጂስ ተነሳ። በሃምሳ ሁለት ዓመቱ፣ በተበላ ጉልበቱ፣ ኢዮሱዋን ከነትራሱ ሦስት እርምጃ ነዳውና ሁለቱም ተያይዘው ወደቁ። መስመሩ በጩኸት ተናጋ። ከዚያ ሁሉም ተንጋግተው ቺፕሷ ላይ ተደፉ። ጫፏ ላይ አንዲት ስንጥቅ አለች።

«ተሰብራለች!» አለ ፕሩይት። «ይዙሩ! ሜዳውን ይዙሩ!»

«አልተሰበረችም! ስንጥቅ ስብራት ነው እንዴ?» አለ ኢዮሱዋ ከወደቀበት ሆኖ። «እኔ ሳደርገው ቢሆን በልቻት ነበር!»

ዌይላን ጤነኛ እግሩ ላይ ተደግፎ ቀስ ብሎ ወረደ። ቺፕሷን አንስቶ ሳሯን እፍ አለባት፣ ለብርሃን አነሳት፣ ገለባብጦ አያት። ከዚያ አፉ ውስጥ ጣላትና አኘካት።

«ጨው የላትም» አለ። መልሶ መነሳት ግን አቃተው። ሬጂስም ከወደቀበት መነሳት አቅቶታል። ሁለቱን ሽማግሌዎች አምስቱ ልጆች እየሳቁ አነሷቸው። ሲነሱ ተያዩ። ይቅርታ የሚል ቃል አልወጣም፤ ዌይላን የሬጂስን ቀኝ እጅ ይዞ አንዴ ጨመቃትና «ልጁ እሑድ ይገባል» ብሎ ሄደ።

እሑድ ኢዮሱዋ ታፉና ስልሳ አንድ ጊዜ ጎንበስ አለ። ፊቱ የቆመው ተከላካይ በየጊዜው ዓይኑን ወደ እጁ ይጥላል፣ ምንም አያገኝም። ከማለቁ በፊት ዌይላን የውሸት ሩጫ አዘዘ፤ ተከላካዩ ሯጩን ተከትሎ ሲነጉድ ኳርተርባኩ ሳይነካ ወረወረ። በሦስት ነጥብ አሸነፉ። በሚቀጥለው ሳምንት በጥሎ ማለፉ በሰፊ ነጥብ ተሸነፉ፣ እሱን ማንም አያነሳውም።

ነሐሴ ደረሰ። ዘጠና ተጫዋቾች ተሰበሰቡ፣ ዌይላን ፊታቸው ቆሞ ሱሪውን ሰበሰበ፣ ጠባሳውን አሳየ። ሬጂስ ከኋላ ወንበር ኩባያውን ይዟል።

«ይህን ማን አደረገው? ኳሱን አራት ሰከንድ ያዝኩ፤ ሦስት ይበቃ ነበር። ይህ የኔ ነው፣ ለማንም አልሰጥም» አለ ዌይላን። ከዚያ ሱሪውን መለሰና ከፊተኛው ረድፍ ባዶ ወንበር ስቦ ከተጫዋቾቹ ጋር ተቀመጠ። «ግማሹ ነው ይሄ። የቀረውን ግማሽ የሚነግራችሁ ሌላ ሰው ነው። ሃቭ፣ ና።»

ሬጂስ ኩባያውን ወንበር ሥር አስቀመጠ። በመተላለፊያው መሐል ሲሄድ ጉልበቱ ሲንጫጫ ይሰማል። ፊት ደርሶ ዘጠናውንም አንድ በአንድ አየ፤ ኢዮሱዋንም፣ ፕሩይትንም፣ ወዳጁንም። ምን ብሎ እንደሚጀምር ሃያ ዓመት ሙሉ ሲያስብ ኖሯል፤ አሁን አንዱም ትዝ አላለውም። ስለዚህ እግሮቹን ከፈተ፣ ጎንበስ አለ፣ ጣቶቹንም ወለሉ ላይ አሳረፈ።

«እጄን እዩት» አለ።